አንገቱ ላይ እብጠት ይዞ የመጣ ሰው፦ የመርፌ ናሙና ለፍሎው ሳይቶሜትሪ እንዴት ይወሰዳል፣ እንዴትስ ይነበባል?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንገቱ ወይም ብብቱ አብጦ የመጣ ሰው ሲያጋጥመን ሐሳባችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቲቢ ነው። ልክም ነው። የንፍፊት ቲቢ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው። ሊምፎማ፣ ማለትም የንፍፊት ካንሰር፣ ግን የሚወጣው እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ እሱም ያተኩሳል፣ ሌሊት በላብ ያጠምቃል፣ ያከሳል። የቲቢ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እየዋጠ እብጠቱ የሚብስበት ሰው ሳይ «ትንሽ እንጠብቅ» የሚለው ነገር ያስፈራኛል። ቲቢ ራሱ በሕክምና መሀል አንዳንዴ ያብጣል፣ እሱን አልክድም። ግን ነገሩ እንደዚያ ነው ለማለት መጀመሪያ ሌላውን ማየት ያስፈልጋል።

በመርፌ ናሙና መውሰድ፣ ብዙዎቻችን ኤፍኤንኤ የምንለው፣ ርካሽ ነው። ኦፕሬሽን ክፍል አይፈልግም። ሰውየው ከዘመዱ ጋር መጥቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። አንድ ድክመት ግን አለው። ስላይዱ ላይ ትናንሽና አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሊምፎሳይቶች (ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ዓይነት) ሞልተው ስታዩ፣ ሰውነት ለኢንፌክሽን ምላሽ እየሰጠ ይሁን ወይም በዝግታ የሚያድግ ሊምፎማ ይሁን በዓይን ብቻ መለየት በጣም ከባድ ነው። ፍሎው ሳይቶሜትሪ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሴሎቹ ፈሳሽ ውስጥ ሆነው አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያልፋሉ፤ የሚበተነው ብርሃን የሴሉን መጠንና የውስጡን ሻካራነት ይናገራል፣ ቀለም የተያያዘባቸው አንቲቦዲዎች ደግሞ ሴሉ ላይ የትኛው ፕሮቲን እንዳለ ያሳያሉ። ላብራቶሪ የሠራ ሰው ለኤችአይቪ ታካሚዎች በሚደረገው የሲዲ4 ቆጠራ ያውቀዋል፤ «ሲዲ» እና ቁጥሩ የእነዚህ ፕሮቲኖች መጠሪያ ነው። አሠራሩ ያው ነው፣ የሰፋው ጥያቄው ነው።

ይህን የምጽፈው መርፌውን ለምትወጉ፣ ናሙናውን ለምትልኩና ውጤቱን ለምታነቡ ነው። የፍሎው ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ ስለ መርፌውና ስለ ቲዩቡ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

ከመውጋታችሁ በፊት

ጠይቁ። «ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ወስደዋል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ስቴሮይድ የሊምፎማ ሴሎችን ይገድላል፤ ጥቂት ቀን የወሰደ ሰው እብጠቱ ሊጎድል፣ ናሙናውም ምንም የማይታይበት ሊሆን ይችላል። ታካሚው የመድኃኒቱን ስም ላያውቀው ይችላልና «የወሰዱት ክኒን ካለ ማሸጊያውን ያሳዩኝ» ማለት ይሻላል። የኤችአይቪ ውጤትም እወቁ፣ ኋላ ንባቡ ላይ ለውጥ ያመጣል። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ላይ ሰንብተው የመጡ ከሆነ ደግሞ አትቆጧቸው። የተቆጣችሁት ሰው ለሁለተኛው ቀጠሮ አይመጣም። ጠበሉንም ሕክምናውንም አብሮ ማስኬድ ይቻላል በሏቸው፣ እውነትም ይቻላል።

የትኛውን እብጠት እንደምትወጉ ምረጡ። ብዙ ቦታ ካበጠ ከአንገት አጥንት (ክላቪክል) በላይ ያለው ወይም አንገት ላይ ያለው ትልቁ ይመረጣል። ብሽሽት የመጨረሻ ምርጫ ይሁን። ባዶ እግሩን ሲያርስ የኖረ ገበሬ ብሽሽቱ ላይ ያለ ንፍፊት በእግር ቁስል ምክንያት ለዓመታት ያበጠ ሊሆን ይችላልና ስለ ሌላው በሽታ ብዙም አይነግራችሁም። አልትራሳውንድ ካለ ተጠቀሙበት። መሀሉ የሞተ ከሆነ ከዳር በኩል ውሰዱ፤ ለፍሎው የሚያስፈልገው በሕይወት ያለ ሴል ነው።

መርፌው

23 ጌጅ፣ ሰማያዊ እጀታ ያለው መርፌ ይበቃል። 22ም ይሆናል። ወፍራም መርፌ ደም ያበዛል እንጂ ሴል አያበዛም። የመጀመሪያውን ውግ ለስላይድ አድርጉት። ስላይዱን በአየር አድርቁ፣ ቶሎ በሚያቀልም ስቴይን ቀልሙት፣ እዚያው ማይክሮስኮፕ ላይ እዩት። ያያችሁት ነገር ቀጥሎ የምታደርጉትን ይወስናል። መግል ወይም እንደ እርጎ ያለ ነገር ከወጣ ናሙናው የቲቢን ዘረመል ወደሚፈልገው ጂን ኤክስፐርትና ወደ ሌላ የቲቢ ባክቴሪያ ምርመራ ይሂድ። ሊምፎሳይት በብዛት ካያችሁና ከጠረጠራችሁ ሁለተኛው ውግ ሙሉ በሙሉ ለፍሎው ይሁን።

ይህን «ሙሉ በሙሉ» የሚለውን አጥብቄ ነው የምናገረው። ብዙ ቦታ የሚደረገው ስላይድ ተሠርቶ ሲያበቃ መርፌው ውስጥ የቀረውን አጥቦ መላክ ነው። አንዳንዴ ይበቃል፣ ብዙ ጊዜ ግን ቲዩቡ ውስጥ የሚገኘው ደምና ጥቂት ሴል ነው። ራሱን የቻለ ውግ ውሰዱ። ታካሚው ለምን እንደሆነ ሲገባው እምቢ አይልም። አንዲት ከመንዝ የመጡ እናት ሁለተኛውን መርፌ ሳዘጋጅ አይተው፣

«ልጄ፣ አንዴ ወጋኸኝ አይደል? ደግሞ ምን ቀረህ?» አሉኝ።

«እማማ፣ የፊተኛው ለመስታወቱ ነው። ይኼኛው ለማሽኑ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ከመንዝ ድረስ እንደገና ሊመጡብኝ ነው።»

«እንግዲያማ ቶሎ በለው» ብለው አንገታቸውን አዘነበሉልኝ።

መርፌውን ካስገባችሁ በኋላ አቅጣጫ እየለወጣችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት። ሲሪንጅ ከሳባችሁ መርፌውን ከማውጣታችሁ በፊት ስበቱን ልቀቁ፤ ካለበለዚያ ሴሉ ሲሪንጁ ውስጥ ይበተናል፣ ደምም ይከተላል። ሳይስቡ በመርፌው ብቻ መውሰድም ጥሩ ዘዴ ነው፣ ንፍፊት ላይ ደም ይቀንሳል። ከዚያ ወዲያው ቲዩቡ ውስጥ እጠቡት። ፈሳሹን በመርፌው ወደ ላይ ሳቡ፣ መልሳችሁ ግፉ፣ ደጋግሙት። ቲዩቡን ወደ መስኮቱ አንስታችሁ በብርሃን እዩት። ጥሩ ናሙና ሲገባ ፈሳሹ እንደ አብሽ ውሃ ደፈርስ ይላል፤ ጠርቶ ከቀረ ሴሉ አልመጣምና ታካሚው ገና አልጋው ላይ እያለ ሌላ ውግ ጨምሩ። ቀይ ሆኖ ክር የሚመስል ነገር ከታየ ደሙ እየረጋ ነው። የረጋ ደም ሴሎቹን ይዞ ያስቀራል። ደም የሚበዛ ሲመስላችሁ ወይን ጠጅ ክዳን ያለው የኢዲቲኤ ቲዩብ ወይም ትንሽ ሄፓሪን የተጨመረበት ፈሳሽ ተጠቀሙ።

ፈሳሹ አርፒኤምአይ ቢሆን ይመረጣል፣ ሴሉን መግቦ ያቆየዋል። ከሌለና ናሙናው በሰዓታት ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ኖርማል ሳላይንም ያስኬዳል። ፎርማሊን ግን በፍጹም! አልኮልም አይሆንም። ፎርማሊን ውስጥ የገባ ናሙና ለተለመደው የፍሎው ምርመራ አይሆንም፣ የሚመልሰውም ነገር የለም። ክፍሉ ውስጥ የፎርማሊን ዕቃና የአርፒኤምአይ ቲዩብ ጎን ለጎን አታስቀምጡ። አንዱ መደርደሪያ ላይ፣ ሌላው ፍሪጅ ውስጥ ይሁን።

ወፍራም መርፌ፣ ማለትም ኮር ባዮፕሲ፣ የምትወስዱ ከሆነ አንዱን ቁራጭ አርፒኤምአይ ውስጥ ክተቱ፣ ሌሎቹን ለሂስቶሎጂ ፎርማሊን ውስጥ። አቅም ባለበት እኔ የምወደው ይህንን ነው፤ የሴሉን ማንነት ከፍሎው፣ የንፍፊቱን አሠራር ከቁራጩ ታገኛላችሁ።

መንገዱ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የሚላክ ናሙና ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የሴሉ ዕድሜ አጭር ነው፦ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሠራ ጥሩ፣ እስከ 48 ሰዓት ይሞከራል፣ ከዚያ በኋላ የሞተው ከቆመው ይበልጣል። ትልልቆቹና ፈጣኖቹ የሊምፎማ ሴሎች ደግሞ ቀድመው የሚሞቱት ናቸው። ስለዚህ ከመውጋታችሁ በፊት ተቀባዩ ላብራቶሪ ጋ ደውሉ። ነገ ሰው አለ? ማሽኑ ይሠራል? አንቲቦዲው አለ? ዓርብ ከሰዓት ወይም የጥምቀት ዋዜማ የተወሰደ ናሙና በጣም ያሳዝነኛል። ሰው ተወግቶበታል፣ የሚያነበው ግን የለም።

ለማጓጓዣ የክትባት መያዣ ሳጥን፣ ቫክሲን ካሪየሩ፣ ከበቂ በላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚያውቁትን ዘዴ ተጠቀሙ፦ አይስ ፓኩን ከፍሪዘር አውጥታችሁ ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ እስኪንቦጫረቅ ድረስ ጠብቁ። ቲዩቡ በረዶውን እንዳይነካ በፋሻ ወይም በካርቶን ጠቅልሉት። የሚፈለገው 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቀዘቀዘ ሴል ይቆያል፣ በረዶ የሆነ ሴል ይፈነዳል። እዚህ ላይ የሰሜን ሸዋን አየር አትርሱ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ቲዩብ ቶሎ ይበላሻል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ መስኮት ሥር ወይም መኪና ውስጥ ያደረ ናሙና በረዶ ሊሆን ይችላል። በአንድ ዞን ውስጥ ሁለቱንም አደጋ ማሰብ አለባችሁ።

ላብራቶሪው ውስጥ

ናሙናው ያልሞተ፣ ያልተገደለ ነገር ነው። የቲቢ ባክቴሪያም ካለበት ሕያው ነው። ቲዩቡን ባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ ክፈቱ፣ ሴንትሪፊዩጁ ክዳን ያለው ይሁን። ይህን ያልኩት ለደንቡ ያህል አይደለም፤ እዚህ አገር የንፍፊት ናሙና የሚከፍት ሰው ሳንባውን አስይዞ እየሠራ ነው።

መጀመሪያ ቁጠሩ። ከትሪፓን ብሉ ጋር ቀላቅላችሁ መቁጠሪያው መስታወት ላይ እዩ፤ ሰማያዊ የሆነው ሞቷል። ለአንድ ቲዩብ ከ100,000 እስከ 500,000 ሴል ቢገኝ ምቹ ነው። ባነሰም ይሠራል፣ የአንቲቦዲውን ዓይነት ግን ትመርጣላችሁ። ከተቆጠረው ጠብታ አንዷን ስላይድ ላይ አድርጋችሁ ቀልሙ፤ ማሽኑ ውስጥ የገባው ነገር መርፌው ያወጣው መሆኑን የምታረጋግጡት በዚህ ነው።

ቀጥሎ አጣሩ፣ ቀይ ደም ሴል ከበዛ በአሞኒየም ክሎራይድ ለ10 ደቂቃ ያህል አፍርሱ፣ በ300 ጂ ለ5 ደቂቃ አሽከርክሩ። ከዚያ እጠቡ። ካፓና ላምዳን ለማየት ማጠቡ ዋና ነገር ነው፤ እነዚህ ቢ ሴል የሚባለው ሊምፎሳይት የሚሠራው ኢሚዩኖግሎቡሊን (አንቲቦዲ) ሁለት ዓይነት ላይት ቼይኖች ናቸው። ደም ውስጥ የሚንሳፈፈው ኢሚዩኖግሎቡሊን ሴሉ ላይ ይለጠፋል፣ ሳይታጠብ ከቀረ ሁሉም ሴል ካፓም ላምዳም ያለው ይመስላል። በፒቢኤስ፣ በማጠቢያው የጨው ፈሳሽ፣ ሁለት ሦስቴ እጠቡ። ሞቅ ያለ ፒቢኤስ የተሻለ ያወጣዋል። አንቲቦዲውን ከጨመራችሁ በኋላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ አቆዩት።

ለሲዲ4 የመጣ ማሽን ሁሉ ለዚህ አይሆንም። ፋክስካውንት ለዚያ ቆጠራ ብቻ የተዘጋጀ ነው። ፋክስካሊበር ግን አራት ቀለም ያነባል፤ ያረጀ ቢሆንም በጥንቃቄ ለሚይዘው ሰው ጥያቄውን ይመልሳል። በአራት ቀለም የምትሠሩ ከሆነና ሴሉ ትንሽ ከሆነ የመጀመሪያው ቲዩብ ካፓ፣ ላምዳ፣ ሲዲ19 (የቢ ሴል መለያ) እና ሲዲ10 ወይም ሲዲ5 ይሁን። ሴል ከተረፈ ሁለተኛው በሌላኛው ይደገም። ሦስተኛው የቲ ሴል፣ ሲዲ3፣ ሲዲ4፣ ሲዲ8 እና ሲዲ7። ስምንት ቀለምና ከዚያ በላይ ያለው ማሽን ካላችሁ ማሽኑ የሚችለውን ያህል ከሲዲ45 (የነጭ የደም ሴሎች መለያ) ጋር አንድ ቲዩብ ውስጥ አድርጉ፣ ትንሽ ናሙና ላይ ትልቅ እፎይታ ነው።

ንባቡ

ተጣብቀው ያለፉ ሴሎችን አስወጡ። የሞቱትንም አስወጡ፤ የሞተ ሴል ያገኘውን አንቲቦዲ ሁሉ ስለሚይዝ የሌለ በሽታ ያሳያችኋል። ሊምፎሳይቶቹን ስትከቡ ግን ክቡን አታጥብቡት። ለትናንሽ ሊምፎሳይቶች ብቻ የተሠራ ጠባብ ጌት ትልልቆቹን የሊምፎማ ሴሎች ውጭ ያስቀራል፣ እናንተም «ጤነኛ ነው» ትላላችሁ።

ቢ ሴል አንድ በአንድ ሲታይ ወይ ካፓ ወይ ላምዳ ነው የሚይዘው። ጤነኛ ንፍፊት ውስጥ ሁለቱም ተደባልቀው ይገኛሉ፣ ካፓ በመጠኑ ይበልጣል፣ 2 ለ 1 ገደማ። ሊምፎማ ከአንድ ሴል የተባዛ ስለሆነ ሁሉም አንዱን ብቻ ይይዛል። ብዙ ላብራቶሪዎች የካፓና ላምዳ ጥምርታ ከ3 ወይም ከ4 ሲበልጥ፣ ወይም ከ0.5 ሲያንስ ይጠረጥራሉ። አጠቃላይ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ ግን አትዝጉት። ትንሽ ክሎን፣ ማለትም ከአንድ ሴል የተባዛ ስብስብ፣ በብዙ ጤነኛ ቢ ሴል መሀል ተደብቆ ጥምርታውን ላያዛባው ይችላል። ሲዲ10 ያላቸውን ለብቻ፣ ሲዲ5 ያላቸውን ለብቻ፣ ትልልቆቹን ለብቻ ከፍታችሁ እዩ። አንዳንድ ሊምፎማ ደግሞ ካፓም ላምዳም አያሳይም። ብዙ ቢ ሴል ኖሮ ሁለቱም ከጠፉ ያ ራሱ ምልክት ነው።

ክሎን ካገኛችሁ ቀሪው ስሙን መፈለግ ነው። ሲዲ5 እና ሲዲ23 አብረው ካሉ፣ ሲዲ20 እና ላይት ቼይኑ ደብዘዝ ካሉ፣ ሲዲ200 ካለ፣ ወደ ሲኤልኤል (ሥር የሰደደ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ) ያመራል። ሲዲ5 ኖሮ ሲዲ23 እና ሲዲ200 ከሌሉ፣ ሲዲ20 ደግሞ ደማቅ ከሆነ ማንትል ሴል ሊምፎማን አስቡ፣ ማረጋገጫው ግን ሳይክሊን ዲ1 ነው። ሲዲ10 ያለው ክሎን ፎሊኩላር ሊምፎማ ሊሆን ይችላል፤ ሕፃን ላይ፣ በፍጥነት ያደገ እብጠት ላይ፣ ሲዲ38 ደማቅ ሆኖ ከታየ ግን ቡርኪት ሊምፎማ በአእምሯችሁ ይምጣ፣ ያኔ ስልክ አንስቶ ለሐኪሙ በዚያው ቀን መንገር እንጂ ወረቀት መጠበቅ የለም። ሲዲ45 ደብዛዛ ሆኖ ያልበሰለ ሴል ምልክቶች የሆኑት ሲዲ34 ወይም ቲዲቲ ከታዩ ደግሞ ሊምፎብላስቲክ ሊምፎማ ነው የሚጠረጠረው፤ እሱም አጣዳፊ ነው።

ቲ ሴል ያስቸግራል። ካፓና ላምዳን የመሰለ ቀላል መለያ የለውም። የሲዲ4 እና ሲዲ8 ጥምርታ መዛባት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ኤችአይቪም ያዛባዋል፣ ሌላም ኢንፌክሽን ያዛባዋል። ይልቅ ሊኖር የሚገባው ፕሮቲን የጠፋበት የሴል ስብስብ ፈልጉ፦ ሲዲ3 ከላዩ የሌለው፣ ሲዲ5 ወይም ሲዲ7 የጎደለው። ተገኘም ብላችሁ ያለ ባዮፕሲ አትደምድሙ።

«ኔጌቲቭ» ሲል

በጣም የምሠጋበት እዚህ ላይ ነው። ሆጅኪን ሊምፎማ ውስጥ ዋናዎቹ ሴሎች፣ ሪድ ስተርንበርግ የሚባሉት፣ በጣም ጥቂት ናቸው፤ ከጠቅላላው ከመቶ አንድና ሁለት እጅ እንኳ ላይሞሉ ይችላሉ። ዙሪያቸውን የከበበው ጤነኛ ሊምፎሳይት ነው። የተለመደው ፍሎው የሚያየው ያንን ከባቢ ነው። ስለዚህ ደረቱ ውስጥ እብጠት ያለበት ወጣት ፍሎው «ንጹሕ» ቢልም ስላይዱን ደግማችሁ ተመልከቱ። ትልልቅ ሴል ያለው ቢ ሴል ሊምፎማም ሴሎቹ በመርፌና በመንገድ ስለሚሰባበሩ ሊያመልጥ ይችላል። ስላይዱ ላይ ትልልቅ ሴል እያያችሁ ማሽኑ ትናንሽ ብቻ ካሳየ፣ ስላይዱን እመኑ።

በተቃራኒውም አለ። ሕፃናትና ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች ላይ በጣም የተቆጣ ንፍፊት ሲዲ10 ያለው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ቢ ሴል ሊያሳይ ይችላል። የእንቅርት ዕጢ ላይ የሚከሰተው ሃሺሞቶም እንዲሁ። ቲቢና ሊምፎማ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ እንደሚችሉም አትርሱ፤ ጂን ኤክስፐርቱ ፖዘቲቭ መሆኑ ሌላውን አይሽረውም።

ሪፖርቱ ላይ «ሊምፎማ የለም» ብላችሁ አትጻፉ። «ክሎናል ቢ ሴል አልታየም» ጻፉ፣ ከሥሩ ስንት ሴል እንደተነበበና ከመቶ ስንቱ ሕያው እንደነበረ አስፍሩ። ሐኪሙ ያንን ቁጥር ሲያይ ኔጌቲቩን ምን ያህል ማመን እንዳለበት ያውቃል። እብጠቱ ካልጎደለ፣ ወይም ስላይዱና ፍሎው ካልተስማሙ፣ ንፍፊቱ በኦፕሬሽን ወጥቶ ይታይ ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። የፎሊኩላር ሊምፎማን ደረጃም ሆነ የንፍፊቱን አሠራር ፍሎው አይነግራችሁም።

ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ስትጽፉ ወረቀቱን ብቻ አታስይዟቸው። ስላይዶቹንም በፕላስቲክ መያዣ አድርጋችሁ ስጧቸው። ስሙ በእርሳስ የተጻፈ ይሁን፣ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይሄዳል። የታካሚውን ስልክ ስትይዙም የጎረቤት ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ቁጥር ጨምሩበት። ኔትወርክ የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ነው፣ ውጤቱ ደርሶ ሰውየው ሳይሰማ የሚቀረው በዚህ ነው።